ስሜትን በስንኝ መያዝ፦ የሊሪክ ግጥምንና የዘፈንን ቅርጽ አውቆ ለመጻፍ

ግጥም ሊጽፍ ብዕር ያነሣ ሰው ዘወትር ራሱን የሚጠይቀው «ምን ልበል?» ብሎ ነው። ከዚህ ጥያቄ አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የሚጻፈው ነገር በዜማ የሚሄድ ነው ወይስ በወረቀት ላይ ብቻውን የሚቆም የሚለው ነው። ዘፈንና ሊሪክ ግጥም፣ ማለትም የስሜት ግጥም፣ ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው፤ የሚለያቸው ጊዜን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ነው። በዘፈን ውስጥ ዜማው ይሸከመዋል፤ ቃሉ ሲያጥር ያስረዝመዋል፣ ሲረዝም ያፈጥነዋል፣ ባዶ የሚመስለውን ቦታ በመሣሪያ ይሞላዋል። በሚነበብ ግጥም ውስጥ ግን የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚዘገይ፣ የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ ለአንባቢው የሚነግረው ስንኙ ራሱ ነው። ከዚህ በታች ስለ ትርጉምም ሆነ ስለ ቅርጽ የሚነሣው ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚነሣ ስለሆነ፣ ጸሐፊው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የትኛውን መንገድ እንደሚከተል ቢወስን ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ሊሪክ ሲባል

ቃሉ የመጣው ሊራ ከሚባለው የጥንት ግሪኮች ባለ አውታር መሣሪያ ነው፤ ክራርና በገናም የዚሁ መሣሪያ ዘመዶች ናቸው። ግሪኮች ረጅሙን የጀግኖች ታሪክ ከሚተርከው ግጥም ለይተው፣ በዜማ የሚባለውን አጭር ግጥም ለብቻው ያዩት ነበር። በኋላም የእስክንድርያ ሊቃውንት በዚህ ዘርፍ የሚመሰገኑ ዘጠኝ ባለቅኔዎችን መዝግበው አስተላልፈዋል። ከእነርሱ አንዷ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ በሌስቦስ ደሴት የኖረችው ሳፎ ናት። የሳፎ ዜማዎች ጠፍተዋል፤ ከግጥሞቿም የቀሩት አብዛኞቹ ቁርጥራጮች ናቸው። ሆኖም በስሟ የሚጠራው አንጓ፣ ማለትም የአራት ስንኞች ስብስብ፣ ዛሬም ሊጠና ይችላል፤ ሦስቱ ስንኞች እያንዳንዳቸው 11 ቀለም (በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ ድምፅ) ይይዛሉ፣ አራተኛው ግን 5 ቀለም ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ተራምዶ በአራተኛው ድንገት መቆም ማለት ነው። ዜማው ከጠፋ በኋላም ያ አጭር ስንኝ አንባቢውን ያስቆመዋል፤ ጊዜን የሚሸከም ስንኝ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ግጥም ተራኪ፣ ተውኔታዊና ሊሪክ ወይም የስሜት ግጥም ተብሎ ይከፈላል። ልዩነታቸውን ለመያዝ እያንዳንዱ በአንባቢው ልብ ውስጥ የሚያስነሣውን ጥያቄ ማየት ይበቃል። ተራኪው «ከዚያስ ምን ሆነ?» ያሰኛል፤ ተውኔታዊው «ይህን ለሚለው ምን ይመልስለት ይሆን?» ያሰኛል። ሊሪኩ ደግሞ አንድ ሰው በአንዲት ቅጽበት ውስጥ ቆሞ እንድንሰማው ያደርገናል፤ ወደፊት የሚገፋን ታሪክ ሳይኖር እዚያው ያቆየናል። ስለዚህ በሊሪክ ግጥም ውስጥ ታሪክ ቢኖርም እንኳ ከበስተኋላ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ድምፁ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ግጥሙ ውስጥ «እኔ» የሚለው ሰው የግድ ገጣሚው ራሱ መሆን የለበትም። ገጣሚው ያላየውን የሚያይ፣ ያልደረሰበት የሚደርስበት፣ በዕድሜም በጾታም ሊለይ የሚችል ተናጋሪ ነው። ይህ ሲገባ ሁለት ነፃነት ይገኛል፤ ጸሐፊው የራሱን ሕይወት የመናዘዝ ግዴታ ይቀርለታል፣ አንባቢም «እኔ» የሚለውን ቃል እንደ ልብስ አውልቆ ለራሱ ሊለብሰው ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ስንኝ ከመጻፍዎ በፊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ነገሮችን ይመዝግቡ፦ የሚናገረው ማን ነው፣ የሚናገረው ለማን ነው፣ ሰዓቱስ መቼ ነው። ለምሳሌ «አንድ ሰው፣ ይመጣል ብሎ ለሚጠብቀው ሰው፣ ሌሊት በሩን ክፍት ትቶ» የሚል ማስታወሻ በቂ ነው። ይህ ማስታወሻ በግጥሙ ውስጥ ባይገባም ግጥሙን ከመባዘን ይጠብቀዋል።

ከስሜቱ ስም ወደ ነገሩ

በዚሁ ማስታወሻ ላይ ተመሥርተን ሁለት ሙከራዎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

በናፍቆትሽ ብዛት ልቤ ተቃጠለ፣
እንባዬ እንደ ወንዝ ሲፈስ ሲፈስ ዋለ።

ልኬቱ አልጎደለም፣ ቤቱም በሚገባ ይመታል። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ስንኞች ለማንኛውም ሰው፣ ስለ ማንኛውም መለየት፣ በማንኛውም ቀን ሊባሉ ይችላሉ። «ናፍቆት» የስሜቱ ስም ነው፤ ስሙ ከተጠራ በኋላ ለአንባቢው የሚሠራው ሥራ አይተርፍለትም። የልብ መቃጠልና የእንባ መፍሰስም በአንድ ወቅት ሕያው ሥዕሎች ነበሩ፤ ከብዙ አገልግሎት በኋላ ግን ዐይን ሳይመለከታቸው በጆሮ ያልፋሉ። ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ እንዲህ ነው፦

በሩን አልዘጋሁም ነፋስ ይግባ ብዬ፣
ሌላ ድምፅ ጠበቀ ያልተኛው ጆሮዬ።

እዚህ ናፍቆት የሚል ቃል የለም። በር አለ፣ ነፋስ አለ፣ ያልተኛ ጆሮ አለ። ተናጋሪው በሩን የተወበትን ምክንያት ሲናገር ራሱን ያታልላል፤ ሁለተኛው ስንኝ ደግሞ ያጋልጠዋል። «ሌላ ድምፅ» የተባለው የማን እንደሆነ አልተነገረም፤ አንባቢው ግን ያውቀዋል፤ ራሱ ስለደረሰበትም ከተነገረው ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። በመጀመሪያው ረቂቅዎ ላይ ፍቅር፣ ናፍቆት፣ ሐዘን፣ ተስፋ፣ ብቸኝነት የሚሉ ቃላትን በሙሉ ያስምሩባቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱን አውጥተው በቦታው የሚታይ፣ የሚሰማ ወይም የሚዳሰስ ነገር ለመተካት ይሞክሩ። ሁሉም ላይወጣ ይችላል፤ በትክክለኛው ቦታ ላይ የተቀመጠ አንድ የስሜት ስም ኃይል የሚኖረው ግን ሌሎቹ ሲወጡ ነው።

ስንኝን መለካት

በግጥም ልኬት ቀለም የሚባለው በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ ከአፍ የሚወጣው ድምፅ ነው እንጂ የፊደሉ ቁጥር አይደለም። አናባቢ የሌለው ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተጣብቆ አብሮት ይቆጠራል። «አልዘጋሁም» ስድስት ፊደል ነው፤ ሲነበብ ግን አል፣ ዘ፣ ጋ፣ ሁም ተብሎ አራት ቀለም ብቻ ይሆናል። «ድምፅ» ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ አንድ ቀለም ነው። ከላይ ያየነው ግጥም የመጀመሪያ ስንኙ 17፣ ሁለተኛው 16 ፊደል አለው፤ ሁለቱም ግን እኩል 12 ቀለም ናቸው። ጣት እያጠፉ ጮክ ብሎ መቁጠር ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ነው፤ በዐይን የተቆጠረ ስንኝ ሁልጊዜ ያሳስታል።

12ቱ ቀለሞች በመካከል ይከፈላሉ፤ «በሩን አልዘጋሁም» ስድስት፣ «ነፋስ ይግባ ብዬ» ስድስት። ይህ ወል ቤት የሚባለው፣ በአማርኛ እጅግ የተለመደው ልኬት ነው። በሁለቱ ሐረጎች መካከል ያለችው ትንሽ እረፍት እንደ ማጠፊያ ታገለግላለች፤ አንድ ሐሳብ እዚያ ላይ ታጥፎ ወደ ሌላ ይዞራል። ቃል ይህን እረፍት አቋርጦ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ማለትም አንዱን ቃል ለሁለት ሐረግ ማካፈል፣ ጆሮን ያደናቅፋል።

ልኬቱ ሲለወጥ ስሜቱም አብሮ ይለወጣል። ያንኑ ጉዳይ ሐረጉ አምስት አምስት ቀለም በሆነው በሰንጎ መገን ብንለው እንዲህ ይሆናል፦

በሩ ተከፍቷል ነፋስ ይግባበት፣
ጆሮዬ ነቅቷል ድምፅ ሊሰማበት።

ፈጠን አለ፤ ራስን የማታለሉ ዝግታ ጠፋ፤ ተናጋሪው ከማመንታት ይልቅ የሚያውጅ መሰለ። ሌላም ልዩነት አለ። የፊተኛው ቤት የሚመታው በ«ዬ» ነው፤ አፍ እንደተከፈተ ስለሚቀር ስንኙ ካለቀ በኋላም ድምፁ ይዘገያል። የኋለኛው በ«ት» ይመታል፤ ምላስ ከጥርስ ጋር ተጋጥማ ድምፁን ትዘጋዋለች። በሩ ክፍት ነው ለሚል ግጥም የሚዘጋ ድምፅ ማብቂያ ሊሆን አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ እኔ የምመርጠው የፊተኛውን ነው። ሐረጉ አራት አራት ቀለም የሆነው የቡሄ በሉ ቤት ደግሞ ለዝላይና ለጭብጨባ የሚመች ስለሆነ ለዝግተኛ ትካዜ ሲውል ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስምንት ስምንት ቀለም ያለው ፀጋዬ ቤት በተቃራኒው ሰፊ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ሐሳቡ ለዚያ ያህል ስፋት ካልበቃ ስንኙ በማያስፈልጉ ቃላት ይሞላል።

ቤት መምታት ሐሳብን መምራት የለበትም። ጀማሪ የሚይዘው ስሕተት ቤቱን የሚመታ ቃል ቀድሞ አግኝቶ ሐሳቡን ወደዚያ መጎተት ነው። በሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ የገባው ቃል ቤት ባይመታ ኖሮ ይመረጥ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ «አይ» ከሆነ ስንኙ እንደገና ይሠራ።

ቅርጽን ከስሜቱ አካሄድ መምረጥ

የዓለም ገጣሚዎች ያቆዩልን ቅርጾች ብዙ ናቸው፤ ስማቸውን መደርደር ግን አያስጽፍም። የሚጠቅመው እያንዳንዱ ቅርጽ ስሜትን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ማወቅ ነው።

ስሜቱ ተከራክሮ የሚዞር ከሆነ ሶኔት ይስማማዋል። ሶኔት 14 ስንኝ አለው። ጣሊያናዊው ፔትራርካ (1304–1374 እ.ኤ.አ.) በተለየበት አቀራረብ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ስንኞች ጉዳዩን ያስቀምጣሉ፣ የቀሩት ስድስቱ ያዞሩታል። የሼክስፒር 154 ሶኔቶች እ.ኤ.አ. በ1609 ታትመዋል፤ አብዛኞቹ ባለ አራት ስንኝ ሦስት አንጓዎችን አስቀድመው በሁለት ስንኝ ይቋጫሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በፔትራርካው መንገድ ገጣሚው ካዞረ በኋላ ስድስት ስንኝ ሙሉ የሚያስብበት ቦታ አለው፤ በሼክስፒሩ ግን መቋጫው ሁለት ስንኝ ብቻ ስለሆነ እንደ ፍርድ ይወርዳል። የሚጽፉት ጉዳይ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው የኋለኛውን መንገድ ይሽሹ፤ ሁለቱ ስንኞች ያልበሰለ ጥበብ እንዲናገሩ ያስገድዳሉና።

ስሜቱ ወደፊት ሳይሄድ በአንድ ነጥብ ዙሪያ የሚመላለስ ከሆነ ጋዛል የተሠራው ለእርሱ ነው። ከዐረብኛ ተነሥቶ በፋርስኛ እጅግ የዳበረው፣ በ14ኛው መቶ ዘመን የሺራዙ ሐፊዝ ከፍ ያደረገው ይህ ቅርጽ በሁለት ሁለት ስንኞች የሚሄድ ነው። በመጀመሪያው ጥንድ ሁለቱም ስንኞች፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥንዶች ደግሞ ሁለተኛው ስንኝ ብቻ፣ በተመሳሳይ ቃል ወይም ሐረግ ያበቃሉ፤ ቤት የሚመታውም ከዚያ ከሚደጋገመው ቃል በፊት ያለው ቃል ነው። እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው ሙሉ ሐሳብ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚያገናኘው ያ የሚመለሰው ቃል ብቻ ነው። በመጨረሻው ጥንድ ውስጥ ገጣሚው የብዕር ስሙን ማስገባቱም የተለመደ ነው። ግስ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚገኝበት እንደ አማርኛ ያለ ቋንቋ ለዚህ ቅርጽ በጣም የተመቸ ነው፤ «አለ» ወይም «ቀረ» የሚለውን ግስ በየጥንዱ መጨረሻ አስቀምጦ ከፊቱ ያለውን ብቻ እየቀየሩ መሞከር ይቻላል። እኔ ቅርጽን መማር ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የማቀርብለት ልምምድ ይህ ነው።

ቅጽበቷ እጅግ ትንሽ ከሆነች ጃፓናውያን ሃይኩ የሚሉት አለ፤ 5፣ 7፣ 5 ተብሎ የሚቆጠር 17 ድምፅ ብቻ ነው። ባሾ (1644–1694 እ.ኤ.አ.) ያስከበረው ይህ ቅርጽ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለ ግንኙነታቸው ምንም አይናገርም። ከግዕዝ ቅኔ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብቻ መቆሙ በእጥረት ያመሳስላቸዋል፤ በአሠራር ግን ተቃራኒ ናቸው፤ ቅኔው ሁለት ትርጉም በአንድ ቃል ውስጥ ይደርባል፣ ሃይኩው ደግሞ ሁለቱን ነገሮች ለያይቶ ይተዋቸዋል።

የውዳሴ ግጥምና የሐዘን ግጥም ከስንኝ ቁጥር ይልቅ በጉዳያቸው የሚታወቁ ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ትልቁ ፈተና የሚወደሰውን ወይም የሚታዘንለትን በቅጽል ብዛት መቅበር ነው። እጁን እንዴት ያነሣ እንደነበር፣ ሲስቅ አንገቱን ወዴት ያዘነብል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ስንኝ ከ10 ቅጽል ይበልጣል። ቤት መምታትን ጨርሶ መተው ለሚሻ ደግሞ የ150ዎቹ መዝሙረ ዳዊት አሠራር አለ፤ በዕብራይስጡ ጥንድ የሚሆነው የቃል ድምፅ ሳይሆን ሐሳቡ ነው፤ ሁለተኛው ሐረግ የፊተኛውን በሌላ ቃል ይደግመዋል፣ ያጠነክረዋል ወይም ይቃረነዋል።

ለዜማ ሲጻፍ

አሁን ሸክሙ ወደ ዜማው ይዛወራል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ድህነት የሚመስለው ነገር በዘፈን ሀብት ሊሆን ይችላል። አድማጭ ወደ ኋላ ገልጦ ሊያነብ አይችልም፤ መደጋገም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የብሉዝ ዘፈን የተለመደው አሠራር ይህን በግልጽ ያሳያል፤ አንድ ስንኝ ይባላል፣ ያው ስንኝ ይደገማል፣ ከዚያ ሦስተኛው ይመልስለታል። በመድገሙ ጊዜ አድማጩ መልሱን መጠበቅ ይጀምራል፤ ያ መጠበቅ የዘፈኑ ግማሽ ኃይል ነው።

አዝማች የሚጻፈው በዚሁ ሕግ ነው። ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ በየተመለሰ ቁጥር የሚለወጥ አዝማች ይፈልጉ። የበሩን ጉዳይ እንደገና እንያዘውና አዝማቹ በአራት አራት ቀለም እንዲህ ይሁን፦

ክፍት ነው በሩ፣ ክፍት ነው ዛሬም።

በመጀመሪያው አንጓ ተናጋሪው መብራት አብርቶ ይጠብቃል፤ አዝማቹ ግብዣ ይሆናል። በሁለተኛው አንጓ ክረምት አልፎ ማጠፊያው ዝጓል፤ ያው አዝማች አሁን ወቀሳ ነው። በሦስተኛው አንጓ ተናጋሪው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል፤ አዝማቹ ሲመለስ በሩ ክፍት የሆነው ለሚመጣው ሳይሆን ለሚወጣው መሆኑን እንሰማለን። አንድም ቃል አልተቀየረም። አንጓዎቹን ከመጻፍዎ በፊት አዝማቹ በየመመለሱ ምን እንደሚሆን በማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ አንዱ አንጓ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚታየው የድምፁ ጠባይ ነው። ዜማ የሚረዝምበት ቦታ ላይ አናባቢው ክፍት የሆነ ፊደል ያስፈልጋል፤ ላ፣ ሮ፣ ዬ ትንፋሽ እስካለ ድረስ ይዘልቃሉ። ት፣ ክ፣ ቅ፣ ብ ግን አይረዝሙም፤ ድምፃዊው ሊያስረዝማቸው ቢሞክር ከፊታቸው ያለውን አናባቢ መጎተት ወይም የሌለ አናባቢ መጨመር ይገደዳል። ከላይ ያለው አዝማች «በሩ» ላይ ሊረዝም ይችላል፤ «ዛሬም» የሚለውም ከንፈርን ቢዘጋ እንኳ «ም» በአፍንጫ ስለሚወጣ እንደ ማንጎራጎር ይቀጥላል።

በአማርኛ ከዚህም የሚብስ ጥንቃቄ የሚሻው መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖሩን ይናገራል፤ «ገና»ም ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ሲሆን ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ጽሑፉ ይህን አይለይም፤ ዜማው ግን ወይ ያቃናዋል ወይ ያጣምመዋል። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ዜማው ቆም ለማለት ጊዜ ካልሰጠ አድማጩ ሌላ ቃል ይሰማል። ስለዚህ ግጥሙን ለዜማ ደራሲ ሲሰጡ የሚጠብቁትን ፊደላት ምልክት አድርገው ይስጡ፤ ከተቻለም በድምፅዎ አንብበው ያሰሙት።

በመጨረሻም አንድ ዜማ ለሁሉም አንጓ የሚያገለግል ከሆነ የሁሉም አንጓ ተመሳሳይ ስንኞች በቀለም ቁጥር ብቻ ሳይሆን በእረፍት ቦታቸውም እኩል መሆን አለባቸው። ጉዳዩ በየአንጓው በጣም የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ዜማው አብሮ እየተለወጠ ሊሄድ ይችላል፤ የኦስትሪያው የሙዚቃ ደራሲ ሹበርት እ.ኤ.አ. በ1815 «ኤርልኬኒግ» ለተባለው የጀርመናዊው ባለቅኔ የጎተ ግጥም የሠራው ዜማ እንዲህ ያለ ነው፤ ግጥሙ ታሪክ እየተረከ ወደ አንድ መጨረሻ ስለሚሮጥ ወደ ኋላ የሚመለስ ዜማ አይበቃውም ነበር።

ማረም

ረቂቁን ቢያንስ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ምላስዎ የተደናቀፈበትን ቦታ ሳያርሙ ምልክት ብቻ እያደረጉ እስከ መጨረሻው ይዝለቁ። ከዚያ ለዘፈን የተጻፈውን ያለ ዜማ፣ ለንባብ የተጻፈውን ደግሞ በሚያውቁት ዜማ ይሞክሩት። የሚነበበው ግጥም በዜማ ሲባል ያለ ችግር የሚፈስ ከሆነ ስንኞቹ የራሳቸውን ጊዜ አልያዙ ይሆናል፤ ዘፈኑ ያለ ዜማ ሲነበብ ምንም የማይጎድለው ከሆነ ደግሞ ለዜማው የተረፈለት ቦታ ጠብቧል ማለት ነው፤ ቃል ይቀንሱለት። በመጨረሻም የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች በእጅዎ ሸፍነው ግጥሙን ያንብቡት። ከነርሱ በፊት ያለቀ ከመሰለዎት አልተሳሳቱም፤ ይሰርዟቸው።